ወሬ የሣለውን ሰው እንደገና መሣል

መስከረም ሊያልቅ ሲል የዲላ ገበያ መልኩ ይለወጣል። በዝቅተኛዎቹ የጌዴኦ ቀበሌዎች እሸት ቡና መቅላት ይጀምራል፤ ሰብሳቢው ሚዛኑን ያወጣል፣ አቅራቢው ብድር ያፈላልጋል፣ ባጃጆች ከሞያሌው አስፋልት ወደ ሰፈር ውስጥ ሰውና ጆንያ ደርበው ይጭናሉ። ባለሱቁ ገበሬው ቡናውን ሸጦ የሚገዛውን ጫማ፣ ብርድ ልብስና ቆርቆሮ ያስገባል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ያደገችው በቡናና በመንገድ ነው። ስለዚህም ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማውና ወላይታው ተቀላቅሎ ይኖርባታል፤ በዋጋ ሲከራከርም ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። በ2009 ዓ.ም.፣ ልክ በዚህ ወቅት፣ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በወናጎና በኮቸሬ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ነደዱ። ጥቃቱ ያነጣጠረው ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው በተባሉ ነዋሪዎች ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ በጌዴኦ ዞን 34 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ።

ይህን ጉዳይ በኮሚክ መጽሐፍ፣ በአኒሜሽን ወይም በግድግዳ ሥዕል ማንሣት የሚፈልግ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ “ማንን ልሣል?” የሚል ነው። እጅ ቶሎ የሚሄድባቸው ሦስት ምስሎች አሉ፦ ገጀራ የጨበጠ ጎረምሳ፣ የሚነድ ሱቅና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ የምታለቅስ እናት። ሦስቱም ከእውነት የተቀዱ ናቸው። ነገር ግን ሦስቱም ተመልካቹን ከነገሩ ውጭ ያቆሙታል። ጎረምሳውን አይቶ “እኔ እንዲህ አይደለሁም” ይላል፤ እናቲቱን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የከተማ ጥቃት ግን በጎረምሳው ብቻ አይፈጸምም። ቤቱን የሚጠቁም አለ፣ በሩን የሚዘጋ አለ፣ በሩን የሚከፍት አለ፣ ስልክ ደውሎ “ዛሬ እንዳትወጣ” የሚል አለ፣ አይቶ ዝም የሚል ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። ስለ ከተማ ጥቃት የሚሠራ የጥበብ ሥራ ዋና ገጸ ባሕርይ ሊሆን የሚገባው ይህ በመካከል የቆመው ሰው ነው። እሱም ከየትኛውም እውነተኛ ሰው ፎቶግራፍ ሳይገለበጥ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት።

ለምን ገጸ ባሕርይ? ለምን ቁጥርና ሪፖርት አይበቃም? ምክንያቱም የከተማ ጥቃት ራሱ ገና አንድ ድንጋይ ሳይወረወር የሚጀምረው ገጸ ባሕርይ በመቅረጽ ነው። ወሬ በየሻይ ቤቱና በየስልኩ ሲዞር ሁለት ሰዎችን ይፈጥራል። አንዱ “መጤ” ይባላል፤ ሁልጊዜ ሀብታም ነው፣ ሁልጊዜ አታላይ ነው። ሌላው “ነባር” ይባላል፤ ሁልጊዜ የተበደለ ነው፣ ትዕግሥቱም ሁልጊዜ ያለቀ ነው። ሁለቱም ሥራ የላቸውም፤ ልጅ የላቸውም፣ ዕቁብ የላቸውም፣ የታመመች እናት የላቸውም። በ1994 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ጎረቤትን ከሙሉ ሰውነቱ አውርዶ “በረሮ” አለው። በእንዲህ ያለ ወሬ ላይ “ሐሰት ነው” የሚል መግለጫ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይሁንና መግለጫው የወሬውን ገጸ ባሕርይ ከሰው አእምሮ አያወጣውም። በቦታው የሚተካ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ሥራና ዕዳ፣ ፍርሃትና ወዳጅ ያለው ሰው። ያንን ሰው መፍጠር የጥበብ ሰዎች ድርሻ ነው።

የጌዴኦ የቅርብ ጊዜ ታሪክ የወሬውን ገጸ ባሕርያት ሐሰትነት ከየትኛውም ክርክር በላይ ያሳያል። ከ2009 ዓ.ም. ጥቃት በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች አዋሳኝ ግጭት ተነሣ፤ በሰኔ ደግሞ ባሰ። በሁለቱ ዞኖች የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። አብዛኛው በምዕራብ ጉጂ ይኖር የነበረ ጌዴኦ ሲሆን፣ ከቀዬው የተነቀለው ጉጂም ብዙ ነበር። በገደብና በሌሎች ወረዳዎች ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በሰው ተጨናነቁ፤ ቦታ ያጣው በሸራ ሥር ክረምቱን ገፋ። በ2018 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 2.9 ሚሊዮን አዲስ በግጭት የተነሣ መፈናቀል ተመዝግቧል፤ በዚያ ዓመት ከዓለም አገሮች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እንግዲህ በ2009 ዓ.ም. በጌዴኦ ከተሞች “መጤ” የተባሉት ተጠቁ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጌዴኦው ራሱ በሌላ ቦታ “መጤ” ተብሎ ተባረረ። ጎረቤት ዞን የሄደበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ጌዴኦ ዞን በ1,210 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 847,434 ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው። እንሰቱና ቡናው በአንድ ማሳ ተደራርበው የሚተከሉበት አገር ልጆቹን ሁሉ መያዝ አልቻለም። ገፊና ተገፊ በብሔር የማይለይበት እንዲህ ያለ ታሪክ ፊት ቀርቦ አንዱን ብሔር የአጥቂ፣ ሌላውን የተጠቂ ፊት ሰጥቶ የሚሥል ሠዓሊ፣ የወሬውን ሥራ በተሻለ ቀለም ይሠራል።

የፈጠራ ገጸ ባሕርይ እውን ሰው ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በግምት የሚመለስ አይደለም፤ የተፈተነ ነገር አለ። በሩዋንዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ “ሙሴኬዌያ” የተባለ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ይተላለፍ ነበር። ድራማው ሁቱና ቱትሲ የሚሉትን ስሞች አያነሣም። ቡማንዚና ሙሁሙሮ የተባሉ ሁለት የፈጠራ መንደሮች አሉ፤ መሬት ይጠባል፣ ቅሬታ ይጠራቀማል፣ መሪዎች ሰውን ያነሣሣሉ፣ ጥቃት ይፈጸማል። በሁለቱ መንደሮች መካከል ደግሞ የሚዋደዱ ወጣቶችና “ተው” የሚሉ ሰዎች አሉ። ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ሌቪ ፓላክ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ይህን ድራማ፣ ሌሎች ደግሞ ስለ ጤና የሚያስተምር ድራማ ለአንድ ዓመት እንዲያዳምጡ አድርጋ ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተመች። የአድማጮቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው “እዚህ ሰፈር ምን ይጠበቅብኛል፣ ምን ብናገር ያስኬዳል” የሚለው ግንዛቤያቸውና ተግባራቸው ነው። በጥናቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቴፕና ካሴቶች በስጦታ ሲሰጡ፣ የጤናውን ድራማ የሰሙት “የአካባቢው ኃላፊ ይያዘው” ብለው ቶሎ ተስማሙ፤ ሙሴኬዌያን የሰሙት ግን ተከራክረው በጋራ ሊይዙት ወሰኑ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሆኖም አንድ ሰው ሕዝብ መካከል ቆሞ “እኔ አልስማማም” ማለት መቻሉ፣ በጥቃት ቀን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

አገራችንም ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው “የቀን ቅኝት” የሬዲዮ ድራማ ብዙ ሕዝብ ተከታትሎታል። ድራማው የተሠራበት ዘዴ ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀመረው ነው። በዚህ ዘዴ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ፦ መልካሙን የሚወክል፣ መጥፎውን የሚወክልና በሁለቱ መካከል የሚዋልል። አድማጩ አብሮት የሚጓዘው ከሦስተኛው ጋር ነው፤ ምክንያቱም እሱም እንደ አድማጩ ገና አልወሰነም። በአንጻሩ የልዕለ ጀግና ዘውግ በእኛም አገር ጥሩ ጅምር አለው፤ በኢታን ኮሚክስ የታተመው “ጀምበር” በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተነብቧል። ለዲላው ጉዳይ ግን የልዕለ ጀግና መንገድ አይመችም። ልዕለ ጀግና የሚያሸንፈው አንድ ክፉ ሰው ያስፈልገዋል፤ የከተማ ጥቃት ደግሞ የብዙ ተራ ሰዎች ትንንሽ ውሳኔ ድምር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በወረቀት ላይ እንዴት ይወለዳል? መነሻው ሥራው ይሁን። ለምሳሌ የሃያ ሁለት ዓመት የባጃጅ ሹፌር እንውሰድ። ባጃጁ የሱ አይደለም፤ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ይህ አንድ መረጃ ሰውነቱን ይቀርጸዋል፦ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ከመቀመጥ የተነሣ ትከሻው ወደ ፊት ያደላል፣ ዓይኑ መንገድ ዳር ተሳፋሪ ይፈልጋል፣ ቀኝ እጁ ከመሪው ይልቅ ስልኩ ላይ ነው። ልብሱ የሰልቫጅ ጃኬት ነው፤ እጅጌው ትንሽ ያጥረዋል። ከወንበሩ ሥር በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን አለ፤ ነዳጅ ማደያው በጠፋበት ቀን ሥራ እንዳይፈታ ያስቀመጠው ነው። ሠዓሊው ይህን ጠርሙስ ገና በመጀመሪያው ገጽ፣ ሹፌሩ ቡና የጫነች ሴት ይዞ ሲወጣ ያሳየናል፤ ማንም ልብ አይለውም። ከሃያ ገጽ በኋላ መንገድ የዘጉ ልጆች ባጃጁን አስቁመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። ጠርሙሱ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። እዚህ ላይ ፊቱን በጥርስና በደም ሥር ማክበድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከወንበሩ ሥር ሊገባ የጀመረና ያልጨረሰ እጅ ነው። ተመልካቹ በዚያ እጅ ላይ ይቆማል፤ ምን እንደሚያደርግም ራሱን ይጠይቃል።

ከሹፌሩ ቀጥሎ አንዲት ሴት ትምጣ፤ በቡና ማድረቂያ አልጋ ጎን ቆማ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀመች የምታወጣ የቀን ሠራተኛ። ከኮንጎ ጫማዋ እስከ ሻሿ ድረስ ሥራዋ ይነበባል፤ ወገቧ በአልጋው ቁመት ልክ መታጠፍ ለምዷል፣ ጣቶቿ ከቀሪው ሰውነቷ ይልቅ ፈጣን ናቸው። የምትኖረው ባለሱቁ ግቢ ውስጥ ተከራይታ ነው። ስለዚህ “የሱ ቤት የቱ ነው?” ተብላ ስትጠየቅ መልሷ ቤቷንም ይነካል። ስሟም ትልቅ ውሳኔ ነው። በአገራችን ስም ብዙ ጊዜ ብሔርንና ሃይማኖትን ይዞ ይመጣል፤ አንባቢው ስሙን እንደሰማ ገጸ ባሕርይዋን ከአንዱ ጎራ ይመድባታል። አስቴር፣ ምሕረት፣ ታሪኩ የሚሉት ዓይነት ከየትኛውም ቤት ሊወጡ የሚችሉ ስሞች አንባቢው ፍርዱን ለጥቂት ገጾች እንዲያዘገይ ያደርጉታል። ፊትንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። የባህል ልብስ አልብሶ “ይህ የዚህ ብሔር ነው” ማለት የመድረክ ትርዒት ይመስላል፤ ገበያ የሚወጣ ሰው ደግሞ ገበያ የሚወጣበትን ይለብሳል። ሠዓሊው ታደሰ መስፍን በገበያ የሚቸረችሩ ሴቶችን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ባቆመባቸው ሥራዎቹ፣ ዳዊት አበበም ጀርባቸውን በሰጡ ግዙፍ ሰዎቹ፣ ቁመናና አቋቋም ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር አሳይተዋል። የዲላው ሥራ ከሁለቱም ሊማር ይችላል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። “ብሔርን ከፊትና ከስም ካወጣችሁ፣ ሰዎች የተገደሉበትን ምክንያት ደበቃችሁ ማለት ነው” የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ በ2009 ዓ.ም. የተጠቁት ማን ናቸው ተብለው እንደተጠቁ መካድ ሁለተኛ በደል ይሆናል። መልሱ ብሔርን ከሥራው ማጥፋት አይደለም፤ ቦታውን መለወጥ ነው። በወሬው ዓለም ብሔር የሰውየው ፊት ላይ ተጽፎ ይመጣል። በጥሩ የጥበብ ሥራ ግን ብሔር የሚመጣው በሌላ ሰው አፍ ነው፤ እስከ ትናንት ድረስ “ባለሱቁ” ይባል የነበረ ሰው አንድ ቀን “አንተ ለመሆኑ የየት አገር ሰው ነህ?” ተብሎ ሲጠየቅ። አንባቢው ያኔ ብሔር ገጀራ ሆኖ ሲሳል በዓይኑ ያያል፤ ማን እንደሳለውም ያውቃል። አርት ስፒገልማን የአባቱን የናዚ ዘመን መከራ በተረከበት “ማውስ” አይሁዶችን አይጥ፣ ጀርመኖችን ድመት፣ ፖላንዳውያንን አሳማ አድርጎ ሥሏል። ሥራው በ1992 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ እንስሳ መስጠቱ ብዙ ትችት አስነሥቶበታል። ከጥቃቱ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሌላ አህጉር ተቀምጦ ለሠራ ሰው ይህ አደጋ የሚቻል ሊሆን ይችላል። አጥቂና ተጠቂ አንድ ወፍጮ ቤት በሚሰለፉበት ከተማ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተጎጂዎች ወገን ይመጣል፦ “የሞቱብን ሰዎች ስምና ፊት ነበራቸው፤ ለምን የሌለ ሰው ትፈጥራላችሁ?” አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾቹን ፎቶግራፍ በግድግዳው ደርድሯል፤ ለመታሰቢያ ከዚህ የበለጠ መንገድ የለም። ዲላም የሞቱባትን በስማቸው ማስታወስ ይገባታል። ያ ግን የመታሰቢያና የፍትሕ ሥራ ነው፤ የቤተሰብ ፈቃድ፣ ማስረጃና ፍርድ ይፈልጋል። ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ አልተፈጸመም የተባለውን፣ ማንም በአደባባይ የማያምነውን ማመንታት ያሳያል። ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ እውነተኛ ሰውን አስመስሎ መሣል አደጋ አለው። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በ1975 ዓ.ም. ሲታተም አንባቢው ገጸ ባሕርያቱ የትኞቹን እውነተኛ ባለሥልጣናት እንደሚመስሉ ለይቶ አወቀ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ዲላ ላይ አደጋው ለሠዓሊው ብቻ አይሆንም። በሥዕሉ ውስጥ “ቤቱን የጠቆመችው ሴትዮ” ከአንዲት እውነተኛ ጎረቤት ጋር ከተመሳሰለች፣ ኮሚክ መጽሐፉ ራሱ ጠቋሚ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ገጸ ባሕርይ ከብዙ ሰዎች መቀመም፣ የሥራ ቦታውንና የቤቱን አቀማመጥ ማዛወር የሥነ ጥበብ ነፃነት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ለነገሩ ስም የሌለው የሰው ምስል ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም። በጌዴኦው ቱቱ ፈላ የመቃብር ትክል ድንጋዮች ላይ ፊትና የጎን አጥንት ተቀርጿል፤ የማን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እነዚህን ትክል ድንጋዮች ይዟል።

ሦስተኛው ተቃውሞ “አጥቂውን ሰው አድርጎ መሣል ይቅር ማለት ነው” ይላል። የአካባቢው ባህል ራሱ ለዚህ መልስ አለው። በጌዴኦና በጉጂ ዘንድ ነፍስ ሲጠፋ የሚፈጸመው ጎንዶሮ፣ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ተገናኝተው ደም የሚነጻበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ገዳይ ጭራቅ ተደርጎ አይታይም፤ ጭራቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አይጠብቅበትም ነበር። ሰው ስለሆነ ነው ግዴታ ያለበት። ባጃጅ ነጂው ጠርሙሱን ቢሰጥ፣ ከዚያ በፊት እናቱን የሚወድ ልጅ እንደነበር ማሳየታችን በደሉን አያቀልም። እንዲያውም ያከብደዋል፤ መስጠት እንደሌለበት እያወቀ እንደሰጠ ያሳያልና። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሕግ ስጋትም ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ለሥነ ጥበባዊ ሥራ ቦታ ትቷል፤ ቢሆንም ሠዓሊው ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ መጠንቀቅ አለበት። የጥላቻ ቃል የሚናገር ገጸ ባሕርይ ካለ፣ ያ ገጽ ተቀድዶ ብቻውን በስልክ ሲዞር ምን እንደሚል አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

“ሕዝብ ከቀዬው እየተነቀለ ሥዕል ምን ያደርጋል?” የሚለውም ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። ሸራ፣ እህልና መድኃኒት ይቀድማሉ፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን ወሬው እህልና ሸራ እስኪደርስ ድረስ ሥራውን አያቆምም። ተፈናቅሎ በተመለሰው ልጅ አእምሮ ውስጥም፣ በተመለሰበት ቀበሌ ጎረቤቱ አእምሮ ውስጥም ያው ባለ ሁለት መስመር ሰው እንደተሣለ ይቆያል። እህል ያንን ሰው አይለውጠውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስቡ ሠዓሊዎች፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶችና ድጋፍ ሰጪዎች ንድፉን ከማተማቸው በፊት ለመፈተን ጊዜና ገንዘብ ይመድቡ። ገጸ ባሕርያቱ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው በአዲስ አበባ ጋለሪ አይደለም። የዲላ ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ማኅበራት፣ የቡና ለቃሚ ሴቶች፣ ከምዕራብ ጉጂ ተፈናቅለው የነበሩ ቤተሰቦች፣ በሶንጎ ሸንጎ የሚሰበሰቡ የጌዴኦ ሽማግሌዎችና የጉጂ ሽማግሌዎች ገና በእርሳስ ሳሉ ይዩዋቸው፤ ለያንዳንዱም ቡድን ለብቻው ይቅረብ፣ “ይህ ሰው ማን ይመስላችኋል?” ተብሎም ይጠየቅ። አንድ ቡድን ገጸ ባሕርይውን የጎረቤት ስም ከጠራበት፣ ወይም ሁሉም በአንድ ድምፅ የሌላውን ብሔር ካየበት፣ ንድፉ ወድቋልና ይቀየር። አንዱ “ይህ እኛን ይመስላል” ሌላውም “ይህ እኛን ይመስላል” ካለ፣ ሠዓሊው ወሬው ያጠፋውን ሰው አግኝቶታል። ገንዘቡ ለአሥር ገጸ ባሕርያት የማይበቃ ከሆነ ሦስት ይሁኑ፤ ያልተፈተኑ አሥር ሰዎች ዲላ ላይ ከሚለቀቁ፣ ሁሉም ወገን ራሱን ያየባቸው ሦስት ሰዎች ይበልጣሉ።